ሚግ ገዛሁ

«ሚግ ልገዛ ነው» ስላቸው ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። አጎቴ በደርግ ዘመን ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። «ሃያ አንዱን ነው ሃያ ሦስቱን?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የፈገግታ ዘር የለም።

የእኔ ሚግ አትበርም፤ ትበይዳለች። ነገሩን ያመጣው የግቢያችን በር ነው። ማጠፊያው ከተገነጠለ ወዲህ በሩን የምንከፍተው እንደ ሰከረ ጎረቤት ብብቱ ሥር ገብተን፣ ደግፈን ነው። የሰፈራችን በያጅ «ነገ በጠዋት» ካለኝ ሁለት ጾም ተፈታ። ቢቸግረኝ የኤሌክትሮድ ማሽን ተውሼ ራሴ ገባሁበት። በሩ 1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ነው፤ እጄ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ስንጥቅ ልደፍን ተነሥቼ አራት ቀዳዳ አበጀሁ። ለእንዲህ ያለ ስስ ብረት ሽቦውን በሞተር ራሷ እየገፋች የምታቀርብ ሚግ እንደምትሻል የነገረኝ ማሽኑን ያዋሰኝ ሰው ነው። የነገረኝም ማሽኑን መልሶ ሲወስድ ነው፤ በጥድፊያ።

ተክለ ሃይማኖት ወረድን። ጋሼ «ሳላያት አትገዛም» ብለው ተከትለውኛል። ሻጩ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ያመጣት ኢንቨርተር ፊቷ ላይ በትልቁ «250» ተጽፏል። ዓይኔ በራ። ጋሼ ግን እንደ በዓል ገበያ በግ ገለባብጠው ከጀርባዋ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበቡ፦ 160 አምፔር፣ 30 በመቶ።

«ሁለት መቶ ሃምሳው የታለ?»

«እሱ ሞዴሉ ነው፣ አባቴ» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

30 በመቶው የሥራ ሰዓቷ ነው። በሙሉ ጉልበቷ ከሆነ ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን ትበይዳለች፣ ሰባቱን ትቀዘቅዛለች። አንድ ማጠፊያ ይዘው አቦል ይጠጣሉ፣ ሌላውን ይዘው ቶና። እኔ ይህን ነውር አልለውም። ለቱቦላሬ 70 ወይም 80 አምፔር ይበቃል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ዕረፍት እምብዛም አትጠይቅም። ነውሩ ፊቷ ላይ ያለው ፉከራ ነው። አጠገቧ የቆመችው ባለ ትራንስፎርመር ጨዋ ነበረች፣ ግን አክስቴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ለማድረስ ሁለት ወዛደር ትፈልጋለች። የአክስቴ በረንዳ ደግሞ፣ ማሽን መግዛቴ ሳይሰማ፣ ወረፋ ይዞ ነበር።

ኢንቨርተሯን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ጋር ይዤ ገባሁና ግቢ ውስጥ በቁራጭ ብረት ሞከርኳት። ባለቤቴ መጥታ ጎንበስ ብላ አየች። «ዓይኑ እንዴት ያምራል! የእኔ እንጀራ እንኳን እንዲህ አልወጣለትም።»

ለእንጀራ ቢሆን ምስጋና ነበር። ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከልል መጋረጃ ነው፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር መጋረጃው ይገለጣል፣ ብየዳውም ዓይን በዓይን ይሆናል። በሩን ዘግቶ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ላሜራ ለሚሠራ ሰው ከጋዝ የሚሻል የለም፣ ንጹሕ ነው። የሰው አጥርና ጣሪያ ለሚዞር ግን ሲሊንደሩ ሸክም፣ ነፋሱም ባለጋራ ነው።

ስለዚህ ጋዙን በሆዱ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ገዛሁ። ውስጡ ዱቄት አለ፤ ሲቃጠል መጋረጃውን ራሱ ይሠራል። ለኮስኩት። ግቢው የመስከረም 16 ማታ መሰለ፤ ፍንጣሪው አጥር ዘሎ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ደረሰ። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው የማሽኗን የጎን ክዳን ከፈቱና ሁለቱን ገመድ አቀያየሯቸው። በጋዝ ሲሆን ቶርቹ ፖዘቲቭ ላይ፣ ያለ ጋዝ ሲሆን ኔጌቲቭ ላይ። ይህንን መቀያየር የማትችል ማሽን ስጦታ ብትሆን እንኳን አመስግኖ መመለስ ነው። ጭሱ ያስላል፣ ላዩ ላይ የሚቀረውንም ቅርፊት በመዶሻ ማራገፍ አለ። በሩ ግን ያዘ። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል፤ ልጆቹ ጎረቤት እየጠሩ ያስጎበኛሉ።

የቀረው የምጣድ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይበላል፤ ሚጓም ስትጠነክር ከዚያ አትተናነስም። ሁለቱ አብረው ከተነሡ ብሬከሩ ይወድቃል። አንድ ቀን ወደቀ፤ ምጣዱ ላይ ያልበሰለ እንጀራ ነበር። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አገኘሁ፤ ረቡዕና ቅዳሜ በቀይ ተከበዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ሚጓ ተነሣች?»

«የለም ጋሼ፣ ዛሬ እንጀራ ይጋገራል።»

ጥቂት ዝም አሉ። «የአየር ክልሉ ተዘግቷል በለኛ!» ብለው ስልኩን ዘጉት።