የመንጋጋዬ ጠያቂዎች

የታችኛውን መንጋጋዬን አስነቅዬ ቤት ስገባ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሳይመሽ ሰፈሩ ሰማ። «እንኳን ተገላገልክ!» ብሎ የሚገባው ሁሉ ባዶ እጁን ይምጣ እንጂ ምክር ያልያዘ አልነበረም።

ሐኪሟ ያዘዘችኝ ጥቂት ነገር ነው፦ ጎዙን 30 ደቂቃ ያህል ነክሰው ይያዙ፤ እስከ ነገ አይጉመጥመጡ፤ አይትፉ፤ በስትሮ አይጠጡ፤ ትኩስ ነገርና ሲጋራ ይቅርብዎ። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ክዳን ነው አለችኝ። አጥንቱንና ነርቩን ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋ፣ ቀጥሎም አጥንቱ የሚሠራው እሱን ተከትሎ ነው። ከወለቀ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ሙያተኞቹ «ድራይ ሶኬት» የሚሉት ይህንን ነው።

ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። «ትፋው እንጂ የኔ ልጅ! መጥፎ ደም ነው፣ ወጥቶ ይለቅልህ» ብለው ከቤታቸው ጣሳ አስመጡልኝ። ሐኪሟ ክዳን ያለችውን እትዬ ቆሻሻ አሉት። ደግሞ እሳቸውን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ክርስትና ያነሱኝ እሳቸው! ተፋሁ።

አጎቴ ካቲካላ በሲኒ ይዞ መጣ። «አፍህ ውስጥ ያዘው፣ ይገድለዋል።» ምኑን? «ያለውን ሁሉ!» አክስቴ ቅርንፉዱን እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ ልትወትፍልኝ ፈለገች፤ በስንት ልመና ተረፍኩ። ጓደኛዬ ደግሞ ጫቱን ሳይደብቅ ገብቶ «በዚያኛው ጉንጭህ ትቅማለህ» አለኝ፤ ሲጋራም ለኮሰልኝ። ጭሱ የደም ዝውውሩን ያቀጭጫል፣ መሳቡ ክዳኑን ይነቅላል ተብያለሁ። ግን ጠያቂ ይከፋዋል።

ቡናውስ? ሊጠይቁኝ መጥተው አቦል ሲወርድ እኔ ጦሜን ላድር ነው? ያው፣ ትኩሱን ጠጣሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ያለ ማንም ምክር በየደቂቃው ጉድጓዱን እየሄደ የሚጎበኘው የገዛ ምላሴ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ወጣ፤ ጥርሴን ነክሼ እንዳልችለው ደግሞ የምነክስበት ጥርስ ጎድሏል። ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሟ ጉድጓዱን አጥባ መድኃኒት ጠቀጠቀችበት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ዘይቱ ሕመም ያደነዝዛል አለችኝ። አክስቴ ይህን የሰማች ዕለት ሰፈሩ አላደረም፦ «እኔስ ምን አልኩ?»

ያን ቀን ስወጣ ሐኪሟ «ጥርስ ሊያስተክሉ አስበዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኋላ ይደረስበታል አልኳት። የመንጋጋ አጥንት ግን ኋላ የሚባል ነገር አይገባውም ለካ! የሚሸከመው ጥርስ ሲታጣ ሥራ እንደፈታ ሰው እየከሳ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት የወርዱ ግማሽ ያህል ሊጠፋ ይችላል፤ አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ለማስተከል ያሰበ ሰው ከመነቀሉ በፊት ቢናገር ጥርሱ በወጣበት ሰዓት ጉድጓዱን በአጥንት ዱቄት ይሞሉለታል፤ ክሳቱን ጨርሶ ባያስቀርም ይቀንሰዋል። እኛ ግን ነቅለን ተገላግለን፣ በሁለተኛው ዓመት ሠርግ ሲደርስ ነው «ቶሎ ትከሉልኝ» የምንለው።

የአጎቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራለት ልክክ ያለ ነበር። ዛሬ ሲስቅ ያጨበጭባል። «ሠሪው አጭበረበረኝ» እያለ ይራገማል፤ ከሥሩ የሟሸሸው የገዛ መንጋጋው ነው ብለው ማን ያሳምነዋል?

ድዱ ለመግጠም ሳምንታት፣ አጥንቱ ጉድጓዱን ለመሙላት ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። ጠያቂዎቼ ግን በአራተኛው ቀን አለቁ። የእትዬ ጣሳ እስካሁን እኛ ቤት ነው፤ ጥርስ የሚያስነቅል ካለ አላውስም።