ተማሪ ሆይ፣ ድምፅህን ስጥ

ዴሞክራሲን በተግባር ማየት የሚሻ ጉለሌ ብቅ ይበል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ አንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ይደመጡ ይላል። በየትምህርት ቤቱም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ። እንግዲህ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለው ተማሪ በጀት ወሳኝ ሆነ ማለት ነው።

ስሙ ይቆየንና፣ አንዱ ትምህርት ቤት አሠራሩን አቅልሎታል። መጀመሪያ ግዢው ይፈጸማል። ከዚያ የተማሪ ተወካዮች ተጠርተው ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማሉ። አንዷ እጇን አውጥታ «የሽንት ቤቱ ውኃስ?» ብትል ይጨበጨብላታል፤ ጭብጨባ በጀት አይነካም።

ለተማሪው ሙሉ በሙሉ የተተወም ጉዳይ አለ፦ አጥሩ አረንጓዴ ይቀባ ወይስ ሰማያዊ? ሰማያዊው ቀለም አስቀድሞ ስለተገዛ ግን፣ ልጆቹ እንዳይከፋፈሉ ሁሉም ሰማያዊን እንዲመርጡ ይመከራሉ።

በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 እ.ኤ.አ. ነዋሪውን አስቀድሞ ጠይቆ በጀት መመደብ ተጀምሮ ነበር። ምን ዓይነት ጊዜ ማባከን ነው! እኛ ዘንድ መልሱ ስለሚቀድም ጥያቄው አያስቸግርም።

«ደረሰኝ ይታይ» የሚሉ ነገረኞችም አልጠፉም። ልጅ ሒሳብ የሚማረው ለፈተና እንጂ ለደረሰኝ ነው እንዴ? የሚያይ ከሆነ የርዕሰ መምህሩን አዲስ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ይይ፤ እሱም በተማሪዎች ሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው።