የሳህኑ አገር ድንበር

ተረት ተረት። የላም በረት።

ሁለት ቤተሰቦች በአንዲት ጠብታ ተሳፍረው ወደ አዲስ አገር ገቡ። ዘራቸው ከሰው አንጀት ነው፤ ኢ. ኮላይ ይባላሉ። ቴዎዶር ኤሸሪሽ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዐይነ ምድር ለይቶ ያስተዋወቃቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። አገሪቱ ክብ ናት። ምድሯ ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር ረግቶ፣ ምግብም በውስጡ ተቀላቅሎ ነው። ዳር ድንበሯ የመስታወት ሳህን ግድግዳ ነው።

ቤተሰቦቹ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች ለአንደኛው ቢጫ፣ ለሌላው ውሃ ሰማያዊ የሚያበራ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ሰጥተዋቸዋል። በተራ ብርሃን ማንም አይለያቸውም። አበላላቸው አንድ፣ አወላለዳቸው አንድ፤ ሲመቻቸው አንዷ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ትሆናለች። ከጠብታዋ ሲወርዱም ቢጫዋ ከሰማያዊዋ ጎን ለጎን፣ ተደበላልቀው ተቀመጡ።

መሐል አገር ቶሎ ሞላ። ምግቡ አለቀ፤ በረጋው መሬት ላይ ደግሞ ዋኝቶ መሄድ የለም። እዚያ የነበሩት ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ወዲያ አገሩን ያሰፉት በጠርዙ የተሰለፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ያልተነካው መሬት ከእነሱ ፊት ነበርና። በዚያ ቀጭን ሰልፍ ላይ አንዲት ቢጫ ከጎረቤቷ ጥቂት ቀድማ ከወለደች ልጆቿ የጎረቤቷን መውጫ ይዘጋሉ። የተዘጋባት ሰማያዊ ደካማ አልነበረችም፤ ዕድል አልገጠማትም እንጂ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ቢጫዋ ተዘጋባት። ሰልፉ ወደፊት በገፋ ቁጥር ብዙው ዘር ከጠርዙ ጠፋ፣ የቀረው ሰፋ። በመጨረሻ አገሪቱ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ተከፋፈለች፤ አንዱ ቁራሽ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ።

በጠርዙ የተወለዱት ልጆች መሐል አገርን አላዩም። ቢጫዎቹ «ይህን መሬት አያቶቻችን በጉልበታቸው አቀኑት» አሉ። ሰማያዊዎቹ «እናንተ ባትነጥቁን ኖሮ ሁሉም የእኛ ነበር» ብለው መለሱ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። እኔ በዚህ ተረት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ዋሾ የለበትም። ግራ ቀኙ ሁሉ የራሱ ቀለም ብቻ ሆኖ ላደገ ልጅ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ቀለም ጠላት መምሰሉ አይቀርም።

ጠቡ ሲበረታ ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለና በመሐል አገር ለቀረችው አሮጊት ተነገራት።

«እማማ፣ ማን ነው የነጠቀው?» አሏት።

«ልጆቼ፣ ከግራዬ ማን አለች? ሰማያዊ። ከቀኜስ? ቢጫ። ከጠብታዋ ስንወርድ እንዲህ ነበርን፤ ዛሬም እንዲሁ ነን። እዚህ የተነጠቀ የለም።»

«ታዲያ ማን ለያየን?»

«ሰልፉ ቀጭን ነበር፤ በቀጭን ሰልፍ ላይ ዕጣ ይፈርዳል። ካላመናችሁ ከዚያው ጠብታ የተዘራውን ሌላውን ሳህን እዩ።»

ሄደው አዩ። እዚያ ቁራሾቹ በሌላ ስፍራ ወድቀዋል። እዚህ ቢጫ የነበረው ማዕዘን እዚያ ሰማያዊ ነው። ነገሩ የጀግንነት ቢሆን ኖሮ በየሳህኑ የሚያሸንፈው አንድ ወገን በሆነ ነበር። ኦስካር ሃላቸክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በጉልበት የማይበላለጡ ሁለት ወገኖች በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከልጆቹ አንዷ ግን አልረካችም። «እማማ፣ ዕጣው ከለያየን አብሮ መኖር ምን ይጠቅመናል?»

«ዙሪክ ያሉትን ዘመዶቻችንን ጠይቂ» አለቻት አሮጊቷ። «እዚያም ሁለት ቤተሰቦች አሉ። አንዱ ፕሮሊን የሚባለውን አሚኖ አሲድ መሥራት አይችልም፤ ሌላው ትሪፕቶፋንን። ሁለቱም ያለ እነዚህ አያድጉም። ስለዚህ አንዷ የሌላትን ከሌላዋ ታገኛለች። ምግቡ ግን ሩቅ አይደርስም፤ ከሰጪዋ ጥቂት የሰውነት ርዝመት ካለፈ ያልቃል።»

«በአገር ደረጃ ብዙ ቢኖርስ?»

«አጠገብሽ ከሌለ ለአንቺ የለም።»

አልማ ዳል ኮ እና ባልደረቦቿ እነዚህን ቤተሰቦች ፀጉር በሚያህሉ ጠባብ ክፍሎች አኑረው የእያንዳንዷን እድገት በማይክሮስኮፕ ተከታትለዋል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

«የራሷ ወገን ብቻ የከበባትስ?» አለች ልጅቷ።

«እሷ ማደግ አቃታት። ፈጥነው ያደጉት የሌላው ቤተሰብ ልጆች በቅርብ የከበቧቸው ናቸው።»