ይድረስ ለእማዬ፤ ስለሌለው የልጅ ልጅሽ

ሽቱትጋርት፣ ታኅሣሥ

   ሚሚ፣ ደብዳቤውን ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ በቅንፍ ያስቀመጥኩትን ግን ለራስሽ ያዢው። እንደ ባለፈው ሁሉንም አንብበሽ ስትጨርሺ «ይህንን አታንብቢላት ብሎኝ ነበር» እንዳትዪ።

እማዬ፣ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ እልልታ፣ ቀጥሎ ልቅሶ፣ ከዚያ እርግማን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለመሆኑ ክርስትና ተነሥቷል?» የሰማሁት በሌሊት ፈረቃ ጥቅል ስለይ ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ልጅህን ደበቅኸኝ» ያልሽበት ላይ ስደርስ እጄ ተሳሳተና የአንዲት የበርሊን ሴትዮ ጫማ ወደ ሙኒክ ሄደ። ከኋላ አባባ «ስሙን ማን አሉት?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱን ሲሰሙ ደግሞ ድንገት ሳል ሲጀምራቸው ሰምቻለሁ። በስልክ እንዳልመልስ አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ጻፍኩ።

ልጅ የለኝም። ያለኝ ባቡር ነው።

(ሚሚ፣ እዚህ ላይ ውኃ ስጫት።)

ባቡሩ ታዲያ መጫወቻ ነው። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሆኖ የተሠራ፤ ሎኮሞቲቩ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ሐዲዱን በሰፊ ጣውላ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ጣውላው ከሥሩ ጎማ አለው፤ እንግዳ ሲያንኳኳ ገፋ አድርጌ አልጋ ሥር አስገባዋለሁ። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ቤት ሊባርኩ መጥተው ጠበሉን አልጋ ሥር ድረስ ረጩት። ትንሽ ጢስ ወጣ። እሳቸው ርኩስ መንፈስ መስሏቸው ደገሙበት፤ እኔ የትራንስፎርመሩን ዋጋ እያሰብኩ «አሜን» አልኩ።

ምን ነክቶት ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። የምኖረው እኮ የዚህ ነገር መዲና አጠገብ ነው። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ጎፒንገን የምትባል ከተማ አለች፤ ሜርክሊን የሚባለው የባቡር መጫወቻ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1859 እዚያ ተመሠረተ። ሲጀምር ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ይሠራ ነበር፤ በ1891 ላይፕዚግ ገበያ ላይ ልኩ የተወሰነ ሐዲድ ይዞ ቀረበ፣ ሰዉም ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ሃምቡርግ ውስጥ መንታ ወንድማማቾች በ2001 የከፈቱት ቦታ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው፤ አውሮፕላን ይነሣበታል፤ በየሩብ ሰዓቱ መሽቶ መብራቱ ሁሉ ይበራል። የባቫሪያ መሪ የነበረው ሆርስት ዜሆፈር ከቤቱ ምድር ቤት ባቡር ዘርግቶ አንጌላ ሜርክልን የሚያህል ሰው በአሻንጉሊት አምሳል እዚያ አቁሟታል። ዘፋኙ ሮድ ስቱዋርት ደግሞ ለኮንሰርት ሲዞር ለባቡሩ ሥራ ብቻ ተጨማሪ የሆቴል ክፍል ያስይዝ ነበር። (ሚሚ፣ ማን እንደሆነ ዘፈኑን ከፍተሽ አሰሚያት፤ ፀጉሩን ግን አታሳያት፣ ነገሩ ይበላሻል።)

ይህን ሁሉ እያወቅሁም አፍራለሁ። እንዴት እንደማፍር ልንገርሽ።

መጀመሪያ የባቡር መጫወቻ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ በአፍንጫው ጫፍ ከያዘው መነጽር በላይ የሚያይ ሽማግሌ ነው። ሎኮሞቲቩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ፤ ደግሜ አነሣሁ። «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለኝ። አርባ ሊሞላኝ ነው እንዳልል ምላሴ ተያዘ። «ሰባት» አልኩ። «ስሙስ?» አለ። ምን ነበረበት ባይጠይቅ! እኔም የመጣልኝን የአባባን ስም ጠራሁ፤ «ደስታ።» እዚህ አገር እኔን የሚጠሩኝ በአባቴ ስም ስለሆነ ልጁ ደስታ ደስታ ሆኖ አረፈው። እንደ ሊቶሪና ባቡር በሁለቱም ጫፍ የሚነዳ ስም።

ሽማግሌው ጻፈው፣ እማዬ። ደብተር አለው! ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር «ደስታ እንዴት ነው?» ይለኛል። ትንሽ ከረሜላ በወረቀት ጠቅልሎ ይልክለታል፤ ትራም ላይ እበላዋለሁ። ጥርሱን መንቀል ጀመረ ወይ አለኝ፤ ሁለቱን የፊት ነቀልኩለት። የመኪና አሻንጉሊት ይወዳል? አይ፣ ባቡር ብቻ። ጎበዝ! ሒሳብስ? ትንሽ ያስቸግረዋል። በዚህ መሐል ባለሱቁ አባል የሆነበት ማኅበር ከገና በፊት ለሕዝብ በሩን ስለሚከፍት ደስታ መጥቶ ባቡር እንዲነዳ ተጋበዘ።

ኩፍኝ ያዘው አልኩ። አዘነ። በሚቀጥለው ሳምንት አያቱ ዘንድ ድሬዳዋ ሄዷል አልኩ። ይሄኔ መነጽሩን አወለቀ። «በትምህርት ወቅት?» እዚህ አገር እማዬ፣ ልጅን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ያስቀጣል፤ በገንዘብ! የሽማግሌው ፊት የፖሊስ ፊት ሆነብኝ። በማግሥቱ ልጁን ከድሬ አስመለስኩት፤ ቲኬቱም ነፃ ነበር።

የቀረው ልጅ መበደር ነው። የሥራ ባልደረባዬ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ አለው፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው እንደ እኔ ጀርመንኛ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ያንጠለጠለ። ተደራደርን። ሃያ ዩሮ እና ፒዛ። «ሰባት ዓመቴ ነው ግን አልልም» አለ። «አትናገር ብቻ» አልኩት። «ዝም ለማለት አምስት ዩሮ ተጨማሪ።» የዚህ ልጅ መጨረሻ ባንክ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ብታዪ! ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ የልብ ሐኪም፣ አንድ የቀብር አስፈጻሚ፤ ሁሉም የሾፌር ኮፍያ አድርገው፣ አንዱ ላንዱ ድምፁን አወፍሮ «ሦስተኛው መስመር ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል!» እያለ። የዘገየውን ባቡር የሚጠብቀው መንገደኛ እኮ ከማስቲካ የማይበልጥ የፕላስቲክ ሰው ነው! ዳኛው በጣም ተቆጣ። ሽማግሌዬ ከሩቅ አየንና እጁን ዘርግቶ መጣ፤ «ደስታ! በመጨረሻ!» ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ማን እንደተጠራ ፈለገ።

ትንሽ ኮፍያ ሰፍቶለት ነበር። ልጁ ላይ አልገባም። «ኩፍኙ አሳብጦት ነው» አልኩ፤ ምን ልበል? የልብ ሐኪሙ ቀና አለ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ልጁ እጅ ላይ አኖሩለት፤ ጭብጨባ። ልጁ ባቡሩን አንዴ አዞረው፤ ስልኩን አወጣ። እኔ መታገሥ አቃተኝ፤ መታጠፊያው ላይ እየፈጠነ ነው! «ቀስ፣ ቀስ በል፤ እዚያ ጋ ፊሽካ ንፋ!» ብዬ በአማርኛ ስጮህ፣ ልጁ መቆጣጠሪያውን አቀብሎኝ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ጀርመንኛ «ይኸው አንተው ንዳ፤ ባቡሩ የራሱ ነው፣ እኔ ልጁ አይደለሁም፣ ተከፍሎኝ ነው የመጣሁት» አለ።

ጸጥ። ዳኛው እንኳ መዘግየቱን ረሳ።

ሽማግሌው ጢሙን አሻሸ። «የእኔ ደንበኞች ሁሉም ልጅ አላቸው» አለ። «ሱቄ ውስጥ ግን ልጅ አይቼ አላውቅም።» የቀብር አስፈጻሚው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሐኪሙ፤ ከዚያ ሁሉም። ትንሿን ኮፍያ አናቴ ላይ አስቀመጡልኝና እስከ ማታ ነዳሁ። ልጁ ፒዛውን በልቶ፣ የተጨማሪውን አምስት ዩሮ ጭምር ጠየቀ። ዝም አላልክም ስለው «ሰባት ዓመቴ ነው አላልኩም እኮ» አለኝ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ድሬ ባቡር ጣቢያ ፊሽካ ይነፉ የነበሩት የጋሽ ፊሽካ ምራት ሕፃኗን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ኖሯል። የሰማችው «ደስታ! በመጨረሻ!» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሳትሰማ ስልክ ልትደውል ወጣች። የጋሽ ፊሽካ ቤት ወሬ ድሮም ከባቡሩ ቀድሞ ነው ድሬ የሚገባው።

(ሚሚ፣ ይህቺን አታንብቢላት። በኅዳር ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚህ ይጨልማል። አንድ ቀን ጥቅል ስለይ ውዬ ስወጣ ብርዱ ፊቴን መታኝና «ደስታ ጃኬቱን ለብሶ ይሆን?» አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ። ትራም ፌርማታው ላይ ማንም አልነበረም። ቤት ስገባ ወንበሩ አንድ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ደግነቱ ወዲያው የሕፃናት ጃኬት ዋጋ ትዝ አለኝ፤ ከዚህ ሁሉ ተርፌያለሁ። ጃኬት የማይፈልግ፣ ፒዛ የማይበላ፣ ሃያ ዩሮ የማይጠይቅ ልጅ ከየት ይገኛል?)

አሁን እማዬ፣ «ትልቅ ሰው በባቡር ይጫወታል?» ልትዪ ነው። ድሬ ላይ ትልቅ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግድግዳ እያየ ጫት ሲቅም ይውላል፤ ማንም ልጅ ነው አይለውም። አጎቴ በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው አርሰናል እራት ይተዋል፤ እሱም ትልቅ ሰው ነው። አባባ በቆርኪ ዳማ ሲሸነፉ ሰሌዳውን የሚገለብጡት ጠረጴዛው አዘንብሎ ነው እንበል። አንቺስ? ባለፈው ክረምት ቁርጭምጭሚትሽ የታሸው «ደረጃ አዳልጦኝ» ነበር ያልሽው። እኛ ቤት ደረጃ የለም። ከሰፈር ሕፃናት ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስትዘዪ፣ ያውም «መስመር አልረገጥኩም» ብለሽ ስትከራከሪ ያየሽ ሰው አለ። ስሙን አልናገርም። (አመሰግናለሁ ሚሚ።)

ለአባባ አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ይህንን በደንብ አንብቢላቸው። የእኛን የድሮ መስመር ልሠራ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በእኔ ልክ ሲሰላ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይወጣዋል፤ የኔ ክፍል በ4 ሜትር ያልቃል። ስለዚህ ድሬ ከዚራ ያለውን ጣቢያ ብቻ። ሽማግሌው «የእናንተ የድሮው ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ስለሆነ እዚህ ያለህ አይሆንም፤ 12 ሚሊ ሜትሩን መግዛት አለብህ» ብሎ አዲስ ወጪ አሳይቶኛል። አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ነገር ነውና ሦስት ነገር ይንገሩኝ፦ ሊቶሪናዋ በሳቸው ጊዜ ምን ቀለም ነበረች፣ የጣቢያው ሰዓት በየት በኩል ነበር፣ ጋሽ ፊሽካ ይቆሙ የነበረውስ የቱ ጋ ነው? ጋሽ ፊሽካን ከፕላስቲክ አሠርቼ አቆማቸዋለሁ፤ ምራታቸውን ግን አልሠራም።

ለልጁ ብለሽ በሰው የላክሽው በሶ ደርሶኛል፤ በልቼዋለሁ። ሹራቡ እስከ ክርኔ ገብቷል። ገንፎ አገንፍተሽ ሰፈሩን ማብላትሽን ሚሚ ነግራኛለች፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ገንፎ ያየሁት ባንቺ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ የለም ብለሽ ብትወጪ ሰዉ የበላውን ይመልስልሻል? እንዳታፍሪ። «ኢንጂነር ነው» ስትዪያቸው የኖርሽ ሴት ይህ አያቅትሽም፦ ደስታ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል በያቸው፤ ሒሳብ ትንሽ ያስቸግረዋል።

ልጅሽ