ጋሼ በነጭ ሳር ሜዳ

የባሕር በር የሌለው ሕዝብ ሐይቁን ባሕር ብሎ ቢጠራ የሚፈርድበት ዳኛ የለምና፣ የጨለለቅቱው አጎቴም ከጌዴኦ ተራሮች በስተምዕራብ የተንጣለለውን ዓባያን ባነሡ ቁጥር «ከዚያ ባሕር ማዶ ምን አለ?» ማለትን ልማድ አድርገውት ነበር። ማዶውስ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አሞራ ቢሆን ሐይቁን አቋርጦ ለምሳ ይደርሳል፤ እኛ ግን ክንፍ ስላልተሰጠን ከዲላ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም በአጄና በሃላባ ወደ ሶዶ፣ ከሶዶም ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ምእመን ሐይቁን ዞረን ደረስን።

ከከተማው ሥር ያለውን የሾላ ደን፣ ከነጉሬዛውና ከነዝንጀሮው፣ አልፈን የእግዜር ድልድይ ከሚባለው ኮረብታ ላይ ስንወጣ፣ በአንዱ ወገን ዓባያ ጎርፍ በሚያመጣው ደለል ቀልቶ፣ በሌላው ወገን ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ተገለጡልን። መኪናችን ግን ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ እየዘለለ አጥንታችንን አንድ በአንድ ስለ ቆጠረው፣ ጋሼ የመኪናውን እጀታ የሙጥኝ ብለው «እግዜርስ ድልድዩን ሠርቷል፤ መንገዱን ነው ለሰው የተወው» አሉ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጋሼ የመጡት ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከዛፉ ሥር ተጠጋግቶ ከሚያድርበት፣ ስንዝር መሬት ያለ ተክል ከማይገኝበት አገር ነው፤ ይኸው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዓለም ቅርስነት መዝገብ የሰፈረው በዚሁ ጥበቡ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ግዛት፣ ከዚያም ውስጥ እስከ አማሮ ተራሮች ግርጌ የተዘረጋውን የነጣ ሣር ሲመለከት ምን ይሰማው ይሆን?

«ማን ያርሰዋል?» አሉኝ።

«ማንም አያርሰውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ይበላበታል?»

አስጎብኚያችን በትሕትና ወደ ሜዳ አህዮቹ መንጋ አመለከታቸው። ጋሼ ዝንጉርጉሩን ሁሉ ከእግር እስከ ራስ መርምረው «ይኸ ሁሉ አህያ አንድ ኩንታል ቡና ሳይሸከም ይኖራል?» ብለው አዘኑ፤ የሜዳ አህያን ለጭነት ያስገራ ሕዝብ እንደሌለ ብነግራቸውም፣ ስንፍናው የማን እንደ ሆነ ለመፍረድ ተቸገሩ። ጥቂት ራቅ ብሎ የጉጂ ከብቶች ሲግጡ ባዩ ጊዜ ግን ፊታቸው በራ። እኔም በሆዴ፣ ለእንስሳቱ ብሳሳም፣ «ማን ይበላበታል?» የሚለው ጥያቄ የጋሼ ብቻ አለመሆኑንና ለጎረቤቶቹ ለጉጂና ለኮሬ ሰዎች መልስ የማይሰጥ ፓርክ በዘበኛ ብዛት እንደማይጸና አሰብሁ።

በማግሥቱ በጫሞ ላይ በጀልባ ወደ አዞ ገበያ ሄድን። ኢዮብ ስለ ሌዋታን የሰማውን ጋሼ በዓይናቸው አዩት፦ በዳርቻው የተጋደሙት አዞዎች ሙቀታቸውን ለማስተንፈስ አፋቸውን ከፍተው፣ ያለ አንዳች ንቅናቄ ይጠብቃሉ። «ገበያ ካላችሁ ሸቀጡ የታለ?» ብለው ጠየቁና፣ ዘወር ብለው በጀልባዋ የተሳፈርነውን ቈጥረው ዝም አሉ።

ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ከሁሉ ይልቅ ለስዌይን ቆርኬ ጥበቃ ሲሆን፣ እኛ ቆርኬ የሚባል አላየንም። አስጎብኚያችን ቆርኬ ለማየት የሚሻ ሰንቀሌ ቢሄድ እንደሚበጀው ገለጠልን፤ ሰንቀሌ ደግሞ ስንመጣ ባለፍንባት በአጄ አጠገብ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የሣቁት ሣቅ ጉማሬዎቹን ሳያስደነግጥ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ ግን ልባቸውን የነካው ያላየናት ወፍ ነገር ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሊቃውንት በዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የገጨውን፣ በሌሊት የምትበር የአንዲት ወፍ በድን አገኙ፤ ሥጋው ስለ ፈረሰ ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያ ክንፍ ምስክርነት ለዓለም አዲስ የሆነ ዘር ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬም በቤተ መዘክር ያለው የወፏ አካል ያው አንድ ክንፍ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በነጭ ሳር ሜዳ አምሽተህ የምትመለስ ከሆነ ዝግ ብለህ ንዳ።