እንቅልፍ ፍለጋ ካዚኖ ቤት

ያደግኩት ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። የእኛ ሳሎንና ወፍጮው የሚዋሰኑት በአንድ ግድግዳ ነበር። ጤፍ ሲፈጭ ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ የበቆሎ ተራ ሲደርስ እኛም አብረን እንንቀጠቀጣለን። እዚያ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ግንድ ተጋድሜ ተኝቻለሁ። ቤተሰቡ ከእንቅልፉ የሚባንነው መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ድንገት ጸጥ ሲል ብቻ ነበር።

ታዲያ እኚህ የወፍጮ ቤት ልጅ በቀደም ካምፓላ ሄደው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ኮሽታ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ያልኩት ለአክስቴ ልጅ ነው። ካባላጋላ ነው የሚኖረው። ካባላጋላ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር ነው፤ እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ማታ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ጭፈራ አለ። ለሁለት ቀን ስብሰባ እንደምመጣ ሲሰማ አልጋውን ለቆልኝ እሱ መሬት ሊተኛ ተዘጋጅቶ ነበር። «ጋሼ፣ ቤት እያለ ምን ሆቴል ያስኬድሃል?» አለኝ። «አይ፣ ለስብሰባው ንቁ መሆን አለብኝ። እኔ ደግሞ ኮሽታ ካለ…» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን በረጅሙ ተነፈስኩት። ትልቅ ሰው ዓረፍተ ነገር እንደማይጨርስ ከአለቃዬ ነው የተማርኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግኩት ጸጥታ ሳይሆን ጸጥታ የሚያስፈልገው ሰው መሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ካባላጋላ አያድርም፤ የሚያድረው ናካሴሮ ነው። ናካሴሮ ኮረብታ ነው። እግሩ ሥር አናናስና ፓፓያ የተቆለለበት ገበያ አለ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ዛፉና አጥሩ እየረዘመ፣ ዘበኛው እየበዛ ይሄዳል፤ ኤምባሲው እዚያ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያም እዚያ ነው። ለሚስቴ ደውዬ «ናካሴሮ ነው ያረፍኩት» አልኳት። ዝም አለች። «ከፕሬዚዳንቱ ጋር ጎረቤት ማለት ነው» ብዬ ጨመርኩላት። «መድኃኒትህን ዋጥክ?» አለችኝ።

ሆቴሉን የመረጥኩት በብልጠት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ምድር ቤቱ ካዚኖ ነው። ዋጋው ደግሞ በአካባቢው ካሉት ሁሉ ይቀንሳል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ካዚኖ ያለው ሆቴል የሚያተርፈው ከአልጋው ሳይሆን ከቁማርተኛው ስለሆነ አልጋውን ሊያረክሰው ይችላል። «ሞኝ ይጫወታል፣ ብልጥ ይተኛል» አልኩ ለራሴ። አባባሏ ስለጣፈጠችኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት። አሁንም እዚያው አለች፤ ሳያት ፊቴ ይቀላል።

እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ትሁት ልጅ ነበረች። ጸጥ ያለ ክፍል እንደምፈልግ ነገርኳትና አውሮፕላን ላይ ያዘጋጀሁትን ዝርዝር አነበብኩላት፦ ከሊፍት የራቀ፣ ከመንገድ የራቀ፣ ከጎረቤት ክፍል ጋር በር የማይጋራ፣ ከበረዶ ማሽን ያልተጠጋ።

«ሴቦ፣ የበረዶ ማሽን የለንም» አለችኝ። ሴቦ በሉጋንዳ «ጌታዬ» እንደ ማለት ነው።

«ጥሩ። ከእሱ አርቂኝ» አልኳት።

ልጅቷ ሐቀኛ ስለሆነች አንድ ነገር አልደበቀችኝም። «የታችኛው ሙዚቃ እስከ ፎር ነው። ይቅርታ፣ ሴቦ።»

እዚህ ላይ ዕውቀቴ ጉድ ሠራኝ። ከኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኝ ሹፌር ሉጋንዳም ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ መሆኑን ነግሮኝ ነበር። እነሱ «ሳዋ ኛ» ሲሉ እኛ አራት ሰዓት የምንለው ነው። በዚህች ግኝት ሰክሬ ነው ሆቴሉ የገባሁት። ሰዓቴን አየሁ፤ ከምሽቱ ሁለት። ሁለት ሰዓት ብቻ ልታገሥ? እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው! «ግድ የለም፣ ወጣቶቹ እስከ አራት ይጫወቱ» አልኳት፣ ልጆቹን እንደሚመርቅ ሽማግሌ እጄን ዘርግቼ። ልጅቷ በአድናቆት አየችኝ። ዛሬ ሳስበው አድናቆት አልነበረም።

ሉጋንዳው እንደኛ ይቁጠር እንጂ ልጅቷ ያወራችኝ በእንግሊዝኛ ነበር። በእንግሊዝኛ ፎር ማለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ፒጃማዬን ለብሼ፣ ጥርሴን ፍቄ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሙዚቃውን መቆም እጠብቅ ነበር። ጨመረ። የመሰናበቻ ዘፈን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አምስት ሰዓት ላይ ብዙ የመሰናበቻ ዘፈን እንዳላቸው አስተዋልኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ነው ጣቴን እየቆጠርኩ ሒሳቡን እንደገና የሠራሁት።

ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከካዚኖው አዳራሽ በላይ ነበር። ዘፋኙ አይሰማም፤ የሚሰማው ድብደባው ብቻ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ የወፍራም ድምፅ ሞገድ ግን ብዙ ሜትር ስለሚረዝም ኮንክሪቱን እየነቀነቀ ያልፋል። ይህን ማወቄ ምንም አልረዳኝም። ሶፍት ጠቅልዬ ሁለቱንም ጆሮዬን ወተፍኩ። ድብደባው በጆሮዬ መግባቱን ትቶ በትራሱ በኩል መጣ።

ወረድኩ። ልጅቷን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ የመኝታ ክፍል ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መምከሩን፣ ይህም የሹክሹክታ ያህል መሆኑን አስረዳኋት። ልጅቷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ ግን የላትም። «አልሰማሽም፣ ጮክ በይ!» አልኳት። መተላለፊያው ላይ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩኝ። እሷም በትህትና ጣቷን ወደ ጆሮዋ ጠቆመች። ሶፍቱን አላወጣሁትም ነበር። ለካ ስለ ሹክሹክታ የማስተምረው እየጮህኩ ነው።

ሁለተኛው ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድብደባው የለም። ሊፍቱ ግን እዚያው ጎኔ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር «ቲንግ» ይላል። ከቲንጉ በኋላ የእግር ኮቴ ይከተላል። ከኮቴው ማን እንደበላና ማን እንደተበላ መለየት ጀመርኩ፤ የበላው ይፈጥናል፣ የተበላው ቁልፉን ሲፈልግ ይቆያል። አሥራ ሰባት ሰው ለየሁ። አሥራ አራቱ ቁልፋቸውን ፈልገዋል።

እንደገና ወረድኩ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። በዚህኛው ጉዞ ሳይንሱን ከፍ አደረግኩት። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር፤ ሰው አዲስ ቦታ ባደረበት የመጀመሪያ ሌሊት የቀኝ አንጎሉ በደንብ ሲተኛ ግራው ግን እንደ ዘበኛ ነቃ ብሎ ያድራል። ይህንንም ነገርኳት። በማግስቱ ግራ ተጋብቼ መዋሌ ባይቀርም፣ ያኔ ግን ግራ የገባት እሷ ነበረች። ሦስተኛ ቁልፍ ሰጠችኝ። «ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ሴቦ» አለችኝ። የመጨረሻው ፎቅ ማለቷ ይሁን የመጨረሻ ትዕግሥቷ፣ አልጠየቅኳትም።

ሦስተኛው ክፍል ያለ ሐሰት ጸጥ ያለ ነበር። ከላይ፣ ከኋላ፣ ወደ ዛፎቹ የዞረ። ሙዚቃ የለም፣ ሊፍት የለም፣ ሰው የለም። ስጠይቀው ያመሸሁትን ሁሉ አገኘሁ። ተጋደምኩ።

ዓይኔ ፈጠጠ።

መጀመሪያ ልቤን ሰማሁ። ቀጥሎ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ። ከዚያ የእጅ ሰዓቴን ቀጭ ቀጭ፤ የእጅ ሰዓቴ ዲጂታል ነው። ወፍጮው ድንገት እንደቆመበት ቀን ሁሉ ነገሬ ባኖ ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ወርጄ «ክፍሉ በጣም ጸጥ አለብኝ» ለማለት ደግሞ የወፍጮ ቤት ልጅም ቢሆን ያፍራል።

ስለዚህ ልጅቷ እንዳታየኝ በደረጃው ወረድኩና ካዚኖው ገባሁ። ለማየት ብቻ። ይህን «ለማየት ብቻ» የሚለውን ቃል ከእኔ በፊትም ብዙ ሰው ያንን በር ሲያልፍ ብሎታል። በሩ ላይ ጥበቃው ፓስፖርት ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኡጋንዳ ሕግ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው ቁማር እንዳይጫወት ይከለክላል። «25 አልሞላውም ብሎ ጠርጥሮኝ ይሆን?» ብዬ ራሰ በራዬን በኩራት ዳበስኩ። ከኋላዬ የመጡትን ከዘራ የያዙ አዛውንትም ጠየቃቸው። ቢሆንም ደስታዬ ለጥቂት ደቂቃ ቆየ።

ውስጡ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ ሰዓትም አልተሰቀለም። ቁማርተኛው ሌሊቱን እንዳይቆጥር ነው ይባላል። ጎሪላ ያለበትን የ50 ሺህ ሺሊንግ ኖት ዘርዝሬ አንዱ ማሽን ፊት ተቀመጥኩ። ሞኝ ይጫወታል፣ ብልጥ ይተኛል። ጎሪላው ሩብ ሰዓት አልሞላም። እኔ ግን ከወንበሩ አልተነሳሁም። ማሽኑ ይንጫረራል፣ ከጎኔ ያለው ይንኳኳል፣ ወለሉ ከታች በቀስታ ይነዝራል፣ ድብደባው በወንበሩ እግር በኩል ወጥቶ ጀርባዬን ያሸኛል። ይህንን ነገር አውቀዋለሁ። የበቆሎ ተራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከጥበቃው ነው የሰማሁት። ትከሻዬን ነቅንቆ ሲቀሰቅሰኝ ሙዚቃው ቆሟል፣ ሰውም ሳስቷል፤ የቀሩት ጥቂት ቁማርተኞች ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ነበር። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ 30 ዴሲቤል በማትሞላ ድምፅ፣ «ይቅርታ ሴቦ፣ እንግዶቹ አቤቱታ አቅርበዋል» አለኝ።

«በምን ላይ?»

«በማንኮራፋትዎ። ሐሳባቸውን መሰብሰብ አልቻሉም።»

ሚስቴ ለሃያ ዓመት ትራስ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ነው የምትተኛው። ባህሪዋ ነው ብዬ ነበር።

ሲነጋ ሒሳቤን ዘግቼ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ፣ መብራት ምሰሶው ጫፍ፣ እነሱ ካሎሊ የሚሉት ወፍ ቆሟል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ የሚንጎራደደው የእኛው አባ ኮዳ ነው። ካምፓላ ከተማ መሀል እንደ ነዋሪ ነው የሚኖረው። ራሱ እንደ እኔው መላጣ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ከሥሩ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ይንጫጫል፣ ታክሲው ጡሩምባውን ያስጮኸዋል፣ ረዳቱ ይጣራል። እሱ እቴ! ጸጥ ያለ ምሰሶ ስጡኝ ብሎ ማንንም አላስቸገረም።

ስብሰባው ላይ እንዴት እንደዋልኩ ባልነግራችሁ ይሻላል፤ የቡድን ፎቶው ላይ ዓይኑን የጨፈነው ሰውዬ አንድ ብቻ ነው። ማታ ካባላጋላ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ድምፅ እንዳይረብሸኝ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሊሰቅል ሲንጠራራ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ትናንት ጸጥታ ለምዶብህ ዛሬ እንዴት ትሆናለህ?»

«ምን ላድርግ፣ ስለ አንተ ስል እችለዋለሁ» አልኩት ፊቴን አጨፍግጌ። «ብርድ ልብሱን ግን ተወው። ሙቀት አልወድም።»

በማግስቱ ጠዋት የተነሳሁት በመከራ ነው። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ቡና እየቀዳ ነበር። «ደህና አደርክ?» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝና ዓይኑን ከስኒው ሳያነሳ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የዚያ የናካሴሮው ሆቴል ዋጋ ስንት ነበር?»