ምን ይጠጣበታል?

ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ካለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ቡፌ ቆሟል። ባለቤቴ ለሠርጋችን የመጡትን ብርጭቆዎች ደርድራበታለች፤ እስከ ዛሬ አንዱንም ከንፈር ነክቶት አያውቅም። መሀላቸው የኔ ዋንጫ አለ። ኮሌጅ ሳለሁ ክፍላችን በኳስ ያገኘው ነው። እንዴት እኔ ዘንድ እንደቀረ የሚጠይቅ ሲመጣ ወሬ እቀይር ነበር፤ ዛሬ ግን ልናዘዝ። ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ነበርኩ። ውሃ አቀብላለሁ፣ የተጫዋቾቹን ጫማና ሞባይል እጠብቃለሁ። በምርቃቱ ማግስት ሁሉም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲበተን «ዕቃ ጠባቂው ይጠብቀው» ተባለ። ይኸው እጠብቀዋለሁ።

ወርቅ መሳዩ ቀለም ከተላላጠ ቆይቷል። «አሸናፊ» የሚለው ጽሑፍ በሚለጠፍ ፊደል የተሠራ ነበርና የፊተኞቹ ሁለቱ ረግፈው «ናፊ» ብቻ ቀርቷል። አንድ እንግዳማ አገላብጦ አይቶ «ናፊ ጠንካራ ዕቃ ነው የሚያመርተው» ብሎኛል።

አማቴ ከቦዲቲ የመጡ ዕለት ቡፌው ፊት ቆመው ብዙ አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ዋንጫ ነው እማዬ።»

«ምን ይጠጣበታል?»

መልስ አጣሁ። ዋንጫ እኮ በአማርኛ ከቀንድ የተሠራ፣ ጠጅ የሚጠጣበት ዕቃ ነው። ኳስ መጣና ስሙን ወሰደ፤ ጠጁን ተወው። የኔው ደግሞ ከሥሩ በብሎን ስለተያያዘ ውሃ ያፈሳል። (ሞክሬዋለሁ፤ ለምን እንደሞከርኩ አትጠይቁኝ።)

ለማስረዳት አገራዊ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዳችንን፣ ጃንሆይ ራሳቸው ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ መስጠታቸውን ነገርኳቸው።

«ታዲያ አሁን የት አለ?»

«ጋና፤ ሦስት ጊዜ ያገኘ ለዘለዓለም ይወስደዋል ተብሎ፣ እነሱ በ1970 ሦስተኛቸውን ሲያገኙ ወሰዱት።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ቤት ሰፌድ ወስዶ ያልመለሰ ጎረቤት ስሙ በቡና ላይ ይነሳል። «ሄዶ የሚጠይቅ ጠፋ?» አሉኝ።

ነገሩን ወደ ሰፈር መለስኩት። በ2009 ወላይታ ድቻ የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሣ። ድቻን «የጦና ንቦች» እንለዋለን፤ በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ በጦና ስም። ዋንጫው አፍሪካ ውስጥ ለመጫወት መብት ሰጠን፤ ከዚያ የሆነውን የሶዶ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይነግራችኋል። ዛማሌክ መጣብን። አምስት ጊዜ የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮን የሆነው የካይሮው ዛማሌክ! ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ መጋቢት 2010 ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ እኩል ሆነና መለያ ምት ተመታ። አለፍን! በቀጣዩ ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ አሰናበተን እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የክፍል ለክፍል ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይሰጠዋል። ዛማሌክን ያሰናበተ ግን ዙር ነው ያለፈው፤ ላለፈ ዙር ደግሞ ኩባያ እንኳ አይሰጥም። ድቻ ከሠራው ሁሉ ትልቁ፣ ቡፌ ላይ የሚቀመጥ አንድ ነገር የለውም።

እኔ ቤት ግን አለ። የመጨረሻዋ ምት ዕለት ዘልዬ ስወርድ ክርኔ የቡፌውን መስታወት ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን ስንጥቁ ላይ ዳንቴል ሰቀለችበት። ሁለት ጊዜ መስታወት ሠራተኛ አምጥታ አስለክታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ድረስ ሸኝቼ የድካሙን ከፍዬ መልሼዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ «ይኼ ዛማሌክ ነው» እላለሁ። እሷ ትሸፍናለች፣ እኔ እገልጣለሁ።

በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ዕለት፣ ቤቱ በሰው ሞላ። ቁርጡ ቀረበ፤ ዳጣው ግን ማቅረቢያ አጣ፤ ሳህን ሁሉ ተይዟል። የሠርግ ብርጭቆ እንዳይነካ ባለቤቴ ቡፌው ፊት ዘብ ቆማለች። አማቴ ምንም ሳይሉ እጃቸውን በጎኗ አሳልፈው ዋንጫዬን አወጡ፣ አጠቡት፣ ዳጣውን ሞሉበት። ዳጣ ወፍራም ነው፤ ጠብ አላለም። «ይኸው፣ ሥራ አገኘ» አሉ።

ጎረቤታችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ የክለቡን ዋንጫዎች ቆጥሮ አይጠግብም፣ ለሌላው ግን «ዋንጫ» የምትለዋን ቃል እንኳ ይሰስታል። ቁርጡን በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ አየ።

«እማማ፣ ያን… ያን ቀዩን ዕቃ ቢያቀብሉኝ?»

«ስም አለው» አሉት አማቴ፣ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው። እስኪጠራው ድረስም አላቀበሉትም።